የቴአትር ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበር፦ ከመብራት ክፍል የመጣ ልምድ

የመብራት ክፍል (ውይይቱን የከፈተ)

ባለፈው ሳምንት እዚህ መድረክ ላይ አንዲት ወጣት ተዋናይት፣ የቴአትር ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችሉ እንደሆነ ጠይቃ ነበር። የተሰጧት መልሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ሙያ ማኅበር ናቸው። የሙያ ማኅበር ሙያውን ያከብራል፣ ሥልጠና ያዘጋጃል፣ አንጋፋዎችን ይሸልማል፤ ከአሠሪ ጋር ተቀምጦ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት የሚደራደርበት ሕጋዊ ሥልጣን ግን የለውም። ይህን ልዩነት ለባልደረቦቼ በማስረዳት ከሥራ ዘመኔ ግማሽ ያህሉን ስላሳለፍኩ፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

ሥራ የጀመርኩት በ1979 ዓ.ም. መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ቴአትር ቤት፣ በመብራት ክፍል ረዳትነት ነው። በ1981 ለፋሲካ የሚቀርብ ትርዒት ስናዘጋጅ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከመሰላል ወደቀ። መሰላሉ ሁለት አጫጭር መሰላሎች በገመድ ተጠፍረው የተሠራ ነበር። መብራቱ ሳይጠፋ የፊቱን የቀለም ወረቀት ሊቀይር ወጥቶ የጋለው ቆርቆሮ እጁን ሲያቃጥለው ሚዛኑን ሳተ። ሮጠን ስንደርስ በቀኝ እጁ ጨምድዶ የያዘውን ቀይ የመብራት ወረቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ትርዒቱ በሰዓቱ ተጀመረ። የሕክምናውን ገንዘብ እኛው በዘበኛው ኮፍያ አንድ ብር፣ ሁለት ብር እያልን አዋጥተን ሰጠነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለልጁ የሚከፈል ነገር እንዳለ ለመጠየቅ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። ስሙ በደመወዝ መክፈያ ላይ የለም። የቀን ክፍያው የተመዘገበው «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ርዕስ ሥር፣ ከምስማርና ከቀለም ቀጥሎ ነበር። ያችን መስመር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ከዚያ ቀን በኋላ የተከተልኩት መንገድ ሁሉ ሰውን ከዚያ ዝርዝር አውጥቶ በስሙ የማስመዝገብ ሥራ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1993 ዓ.ም. ወደ አንድ የግል አዳራሽ ተዛወርኩ። ፊልምም ቴአትርም ይታይበት ነበር። ትኬት ቆራጮች፣ በር ላይ የሚቆሙ፣ ጽዳቶች፣ አናጢዎች፣ የአልባሳት፣ የድምፅና የመብራት ሰዎች ተደምረን 17 ነበርን። ማኅበር እንመሥርት ብለን ስንጠይቅ፣ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 42/1985 ቢያንስ 20 ሠራተኛ ይጠይቅ ስለነበር ሦስት ሰው ጎደለን። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወጥቶ ቁጥሩን ወደ 10 ሲያወርደው፣ ዕለቱን አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዛሁ፤ ቸርችል ጎዳናን ስወርድም እያነበብኩ ነበር የምራመደው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የተካሄደው ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዝተን ቃለ ጉባኤ ያዝን። ለመፈረም ማንም ቀድሞ እጁን አልዘረጋም፤ እኔም ጭምር። ቀድማ የፈረመችው ትኬት ቆራጯ ነበረች፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከሁላችንም ይልቅ ሥራዋን ማጣት የማትችል ሴት። ከእሷ በኋላ መዝገቡ እጅ በእጅ ዞረ።

ተመዝግበን የምስክር ወረቀት ስንቀበል ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር፤ የኅብረት ስምምነቱን፣ ማለትም ከአሠሪው ጋር የምንገባውን የሥራ ሁኔታ ውል፣ ለመፈረም ግን 14 ወር ፈጀብን። በመሃሉ ሦስት አባላት ያለ ምክንያት ከምሽት ፈረቃ ተነሡ፤ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ለቀቀ። በመጨረሻ የተፈራረምነውን ሰነድ የሚያነብ ሰው ምናልባት ተራ ነገር ይመስለው ይሆናል። መሰላል ላይ ሰው ሲወጣ ሌላ ሰው ከሥር ይይዛል፤ መብራት ሳይጠፋ ቀለም አይቀየርም፤ የአጠቃላይ ልምምድ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ለሚወጣ ሠራተኛ መጓጓዣ ይቀርባል፤ በዕለት የሚሠራም ሰው ስሙ በመክፈያ ላይ ይሰፍራል። እኔ ግን ለዚህች የመጨረሻዋ አንቀጽ 14 ወር አይደለም 14 ዓመት ብከፍልላትም አይቆጨኝም።

ለጠያቂዋ የምለው ይህን ነው። የማኅበር ሥራ ከታዋቂ ሰው አይጀምርም። ታዋቂ ተዋናይ ብቻውን ገብቶ ለራሱ መደራደር ይችላል፤ ማኅበር የሚያስፈልገው ብቻውን ሲገባ በሩ የማይከፈትለት ሰው ነው።

---

ልምምድ ላይ

ጋሼ፣ ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያነበብኩት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ ከልምምድ ወጥተን ፒያሳ ቁጭ ብለን ነው።

የእኛ ሁኔታ ከእርስዎ ትንሽ ይለያል። ቋሚ ተቀጣሪ አይደለንም። አንድ ፕሮዲውሰር ቴአትር ሲያዘጋጅ ይጠራናል፤ ለሁለት ወር ያህል በሳምንት አምስት ቀን እንለማመዳለን፤ ክፍያው የሚታሰበው ግን ትርዒቱ ከተከፈተ በኋላ በታየበት ቀን ልክ ነው። ትርዒቱ በሦስተኛው ሳምንት ከወረደ የሁለት ወሩ ልምምድ ባዶ ይቀራል። ባለፈው ሥራ ላይ ታምሜ ሁለት ቀን ስቀር ከክፍያዬ ተቀንሶብኛል፤ አርፍጄ ስመጣም ቅጣት አለ። የፈረምኩት ወረቀት ደግሞ «ሥራውን በራሴ ሙያዊ ኃላፊነት እሠራለሁ» ይላል። እንዲህ የፈረመ ሰው ሠራተኛ ይባላል? ካልተባለስ ማኅበሩን ከየት እንጀምራለን?

---

የካዛንቺሱ ጠበቃ

እህቴ፣ የጠቀሽው ሐረግ በዘፈቀደ የገባ አይደለም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማይመለከታቸውን የሥራ ግንኙነቶች ሲዘረዝር፣ አንድ ሰው ዋጋ እየተከፈለው በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚያከናውነውን ሥራ ይጠቅሳል። ወረቀትሽ ላይ ያለው ቃል የተቀዳው ከዚያ ነው። ዓላማውም ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ሊያደርግሽ ነው።

ነገር ግን የውሉ ባሕርይ የሚወሰነው በወረቀቱ ርዕስ ብቻ አይደለም። አዋጁ የሥራ ውል አለ የሚለው፣ አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ለመሥራት ደመወዝ እየተከፈለው ሲስማማ ነው። የልምምዱን ቀንና ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? ስታረፍጂ የሚቀጣሽ ማን ነው? በአንቺ ምትክ ሌላ ሰው መላክ ትችያለሽ? አልባሳቱና አዳራሹ የማን ናቸው? የእነዚህ መልሶች ሁሉ ወደ አሠሪው የሚያመለክቱ ከሆነ፣ ሠራተኛ ነኝ ብለሽ የምትከራከሪበት በቂ መሠረት አለሽ። የልምምድ መርሐ ግብር የተላከባቸውን የቴሌግራም መልእክቶችና የቅጣቱን ማስረጃ ጠብቂ፤ ችሎት ላይ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይናገራሉ።

ስለ ማኅበሩ፦ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው የተለያዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ፣ ተደምረው ከ10 ካላነሱ ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ከአንዱ ፕሮዲውሰር ወደ ሌላው ለሚዞሩ የቴአትር ሰዎች ይህ ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። አባል መሆን ወይም በማኅበሩ ሕጋዊ እንቅስቃሴ መሳተፍ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ደንግጓል።

የትርፍ ሰዓት ሒሳቡንም አብራችሁ ያዙት፤ ቴአትር የሚታየው ሌላው ሰው በሚያርፍበት ቀን ነውና። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ ትርፍ ሥራ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው።

---

ክራር መቺ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። የመብራት ክፍል ወንድሜ የጻፉት ልብ ይነካል። ሆኖም በዕድሜ እገፋ ይሆናልና የማውቀውን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም።

የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ወጣት ነበርኩ። አራት ቀን የቆየው ያ አድማ፣ ሠራተኛ የሚባል ኃይል በዚህ አገር መኖሩን ያየሁበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያስ? በ1968 ማኅበሩ ፈረሰ፤ በ1969 መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተብሎ ሌላ ተተከለ። ከዚያ በኋላ ተሰብሰቡ ይባላል፤ አጀንዳው ከላይ ተጽፎ ይመጣል፤ እኛ እጅ እናወጣለን። በሠራተኛ ስም የተጻፈ የአቋም መግለጫ በጭብጨባ አጽድቄአለሁ፤ ስለ ደመወዜ ግን አንድ ቀን አልተጠየቅሁም። አብረውኝ የሚጫወቱ ሰዎች «ማኅበር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው የሚጠቁረው ወደው አይደለም።

ወጣቶቹን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም ይህን የምጽፈው። ማኅበሩን ከመሠረታችሁ በኋላ ማን ይዞት እንደሚሄድ ከወዲሁ አስቡበት ለማለት ነው።

---

የመብራት ክፍል

ወንድሜ፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም በ1979 ስቀጠር የዚያን ዘመን ጅራት ደርሼበታለሁ። በእጅ ማውጣት ብቻ የኖረ ማኅበር ለአባሉ ሸክም እንደሚሆን አይቻለሁ።

እኛ ያንን በመፍራት ሁለት ነገር በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አስገባን። አንደኛው አጀንዳን ይመለከታል። ከስብሰባ በፊት ባለው ሳምንት ካርቶን ቆርጠን በአልባሳት ክፍሉ በር ላይ እንሰቅላለን፤ እስክሪብቶም በክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ማንም ሠራተኛ የፈለገውን ይጽፍበታል፤ ሊቀ መንበሩ ከካርቶኑ ላይ ነጥብ መሰረዝ አይችልም። አንድ ጊዜ ጽዳት ላይ የምትሠራ እናት «የሴቶች ሽንት ቤት በር አይዘጋም» ብላ ጻፈች። ያ ነጥብ ከደመወዝ ጭማሪው ቀድሞ ቀረበ፤ በሦስት ቀን ውስጥም በሩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ እኮ ነው ሴቶቹ ሁሉ መዋጮ መክፈል የጀመሩት።

ሁለተኛው፣ ማንም ሰው ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ በሊቀ መንበርነት አይቆይም የሚል ነው። እኔም ሁለቱን ጨርሼ ወረድኩ። ሲወርዱ ከባድ ነው፤ ያለ እርስዎ የማይቆም ይመስልዎታል። ቆመ። ከእኔ በኋላ የተመረጠችው የድምፅ ባለሙያ የበዓል ቀን ክፍያን ጉዳይ እኔ በስድስት ዓመት ያልጨረስኩትን በአንድ ዓመት ከምናምን ወር ጨረሰችው።

---

የቴአትር መምህር

በውይይቱ ላይ የውጭ አገር ታሪክ ልጨምር፤ የተነሣውን የታዋቂ ሰውና በሩ የማይከፈትለት ሰው ጉዳይ በደንብ ያሳያልና።

በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር የሆነው አክተርስ ኤክዊቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። በዚያ ዘመን የኒው ዮርክ ተዋንያን ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይለማመዱ ነበር፤ ልብሳቸውንም ብዙ ጊዜ ከኪሳቸው ይገዙ ነበር። «ልምምድ ላይ» የጻፈችውን ሳነብ ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈ አቤቱታ የማነብ ነው የመሰለኝ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1919 አድማ መቱ፤ ሠላሳ ቀን ያህል ቆየ። ስማቸው የገነነ ተዋንያን አደባባይ ወጥተው ድጋፋቸውን መስጠታቸው ጠቅሟል። የአሠሪዎቹን ጉልበት የሰበረው ግን የመድረክ ሠራተኞቹና ሙዚቀኞቹ በየማኅበራቸው በኩል ከተዋንያኑ ጎን መቆማቸው ነው። መጋረጃ የሚስብና መብራት የሚያበራ ሰው ከሌለ ተተኪ ተዋናይ ቢገኝም ትርዒት የለም። በዚያው አድማ መካከል ደግሞ በኅብረት የሚዘፍኑትና የሚወዛወዙት፣ ከሁሉም ያነሰ ተከፋዮቹ፣ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ለማኅበር ሲባል ስለሚከፈል ዋጋ ሳስብ ደግሞ ፖል ሮብሰን ትዝ ይለኛል። ተዋናይና ዘፋኝ ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበራትንና የጥቁሮችን መብት በመደገፉ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ፓስፖርቱን ነጠቀው፤ የተመለሰለት በ1958 ነው። በመሃሉ፣ በ1957፣ ከአገሩ መውጣት ስላልቻለ በዌልስ ለተሰበሰቡ የማዕድን ሠራተኞች በስልክ መስመር ዘፈነላቸው። በኅዳር 1960 ደግሞ የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ገና ሲገነባ እዚያው ሥራ ቦታ ሄዶ፣ እንጨት ላይ ተንጠልጥለው ለሚሠሩ ግንበኞች ዘፈነ። በዚያ ቤት ውስጥ ቀድሞ የተዘፈነው ለሚሠሩት ሰዎች ነው ማለት ነው።

በእኛም ከተማ ቢሆን መድረክና አደባባይ ተለያይተው አያውቁም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ሥራው የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማነቃቃት ነበር። ለአገር ሲሆን የመቀስቀስ ልምድ አለን፤ ለራሳችን የሥራ ሁኔታ ግን ያንን ድምፅ ብዙም አልተጠቀምንበትም።

---

አልባሳት ክፍል

እኔ እንደ መምህሩ ታሪክ አላውቅም፤ ስለ መጓጓዣው ብቻ ልናገር። ጋሼ የጻፉት የ3 ሰዓት ተኩል አንቀጽ ተራ የሚመስለው ካለ በእኔ ቦታ ሆኖ ይየው።

ትርዒት ሲያልቅ ተመልካቹና ተዋናዩ ይወጣሉ። እኛ ግን ልብሱን ሰብስበን፣ በላብ የራሰውን ለይተን፣ የተቀደደውን መዝግበን፣ ሰቅለን ነው የምንወጣው። ያኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ቤቴ ፒያሳ ሳለ በእግሬ አሥር ደቂቃ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲነሣ ገላን ጉራ ደረሰን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው፤ ከተገኘም ሁለት ቦታ መሳፈር አለብኝ። እኔ በምሠራበት ቦታ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። አንድ ምሽት የመጨረሻው ታክሲ አምልጦኝ አልባሳት ክፍል ውስጥ፣ በንግሥት ካባ ላይ ተኝቼ አድሬአለሁ። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስትደውል አድራለች፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ጠዋት ካባውን ተኩሼ ሰቀልኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ነው የምናገረው።

እዚያው ጠቅላላ ማኅበር በሚባለው ውስጥ የአልባሳት ሰው መግባት ይችላል ወይ?

---

ቋሚ ተቀጣሪ

እኔ ደግሞ በመንግሥት ቴአትር ቤት ደመወዝተኛ ነኝ። ብሔራዊ ቴአትር በፌዴራል፣ ሀገር ፍቅርና ሌሎቹ በከተማው አስተዳደር ሥር እንደመሆናቸው እኛ የምንተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ስለዚህ ከላይ የተባለው አዋጅ አይመለከተንም። ጠበቃው ለእኛ የሚሉት ካለ በትሕትና እጠይቃለሁ።

---

የካዛንቺሱ ጠበቃ

በቅድሚያ ለአልባሳት ክፍል፦ አዎን፣ እትዬ፣ ይችላሉ። ሕጉ ተዋናይና ልብስ ያዥ ብሎ አይለይም፤ መለኪያው ሠራተኛ መሆን ብቻ ነው።

ለቋሚ ተቀጣሪ የምሰጠው መልስ ያን ያህል አያስደስትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42፣ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራና የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አገራችንም የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብቶችን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና ቁጥር 98ን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቀብላለች። የቀረው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የሚመዘገብበትና የሚደራደርበት ዝርዝር ሕግ ነው፤ ይህንን ክፍተት የድርጅቱ ባለሙያዎች ደጋግመው አንሥተውታል። እስከዚያው በሙያ ማኅበር ተደራጅታችሁ ይህንኑ ሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአንድ ቴአትር ላይ ከእናንተ ጋር የሚሠሩትን የኮንትራት ሰዎች መደገፍም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

---

ክራር መቺ

የሮብሰንን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የካርቶኑንም ነገር ወድጄዋለሁ፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ካርቶን በር ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ምን እጽፍበት እንደነበር ሳስብ አመሸሁ። የሙዚቃ ሰዎችም ብትቀበሉን በምሽት ክበብ ውስጥ የሚጫወቱ ሁለት ሦስት ልጆች ይዤ እመጣለሁ። ልምምድ ሳይከፈላቸው የሚያድሩ እነሱም ናቸው።

---

ልምምድ ላይ

ጋሼ፣ አባባ፣ እትዬ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከልምምድ በኋላ ስም ስንጽፍ 11 ሆንን፤ ከሦስት የተለያዩ ፕሮዲውሰሮች ጋር የምንሠራ ነን። አልባሳት ክፍል ከተጨመሩ 12፣ የክበብ ልጆቹ ከመጡ 14 ወይም 15። የሚመጣው ሰኞ ከሰዓት፣ ልምምድ ስለሌለን፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ እንገናኛለን። የፈረምናቸውን ወረቀቶች ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርገን እንመጣለን። ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጀመር የሚያውቅ ግን ከመካከላችን የለም።

---

የመብራት ክፍል

እኔ ቀድሜ እደርሳለሁ። መዝገብ አትግዙ፤ ከድሮው የተረፈ ያልተጻፈበት አንድ ጥቁር መዝገብ ቤት አለኝ። ቃለ ጉባኤ በቀን፣ በቦታና በተገኙ ሰዎች ሙሉ ስም ይጀመራል፤ ከስሙ አጠገብ የሥራ ድርሻው ይጻፋል። እትዬ አልባሳት ክፍል፣ ስብሰባው ከ11 ሰዓት እንዳያልፍ እናደርጋለን፤ ወደ ገላን ጉራ የሚመለሱበትን አስቤ ነው።